ዝምተኛ ነኝ፤ ደንበኛ ፊት መቆም እችላለሁ ወይ?

ጥያቄ፦ «የ27 ዓመት ወጣት ነኝ። ኮምቦልቻ ውስጥ የግንባታ ዕቃ በሚያከፋፍል ድርጅት ስቶር ኪፐር ሆኜ አራት ዓመት ሠርቻለሁ። አጎቴ ደሴ ፒያሳ አካባቢ የግንባታ ዕቃ ሱቅ ሊከፍት ነው፤ ከፊት ሆኜ ደንበኛ እንዳስተናግድለት ይፈልጋል። እኔ ግን ተግባቢ አይደለሁም። እህቴ የትም ብትገባ ሰው ይከባታል፤ እኔ ሠርግ ላይ አንድ ሰዓት ከተቀመጥኩ ይደክመኛል። የማላውቀው ሰው ሲያናግረኝ እጄን ያልበኛል፤ ስልክ ከመደወሌ በፊት የምናገረውን ደጋግሜ እለማመዳለሁ። ከሾፌሮችና ከጫኝ አውራጆች ጋር ግን ምንም ችግር የለብኝም። ዘመዶቼ ‹ወሎዬ ሆነህ እንዴት ጨዋታ አታውቅም?› ይሉኛል። ጓደኞቼ ‹ትንሽ ቃም ቃም አድርግ፣ ምላስህ ይፈታል› ብለው መከሩኝ፤ ሁለት ጊዜ ሞክሬው እውነትም ብዙ አወራሁ። ይህ ነገር በሽታ ነው? ተግባቢነት በትምህርት ይገኛል ወይስ ተፈጥሮ ነው? ሥራውን ልቀበል ወይስ ይቅርብኝ?»

ምላሽ፦

ሥራውን ተቀበል። ከአጎትህ ጋር አስቀድመህ የምትስማማባቸው ሁኔታዎች ግን አሉ፤ በመጨረሻ እደርስባቸዋለሁ። ከዚያ በፊት የተደባለቀውን እንለይ። አራት ጉዳዮችን «ተግባቢ አይደለሁም» በሚል በአንድ ስም ጠርተሃቸዋል። ሰው በበዛበት ቦታ መቆየት የሚያደክምህ መሆኑ አንድ ነው። የማታውቀው ሰው ሲያናግርህ እጅህን የሚያልበው ፍርሃት ሌላ ነው። ሰውን የማስተናገድ ችሎታ ሦስተኛ፣ ለሰው ያለህ ቀናነት ደግሞ አራተኛ ነው። የመጀመሪያው ብዙም አይለወጥም፤ ሁለተኛው ይታከማል፤ ሦስተኛው ይለመዳል፤ አራተኛው ከዝምታም ከጨዋታም ጋር የታሰረ አይደለም። እህትህ ሰው መሃል ባለመድከም እንደታደለች ከጻፍከው ይታያል፤ የቀሩት ይኑሯት አይኑሯት ግን ሰው ስለከበባት ብቻ አይታወቅም።

ድካሙ የጠባይ ጉዳይ ነው። ሰዎችን ወደ ውጭ ያዘነበሉና ወደ ውስጥ ያዘነበሉ ብሎ የመለየቱን ሐሳብ ያስፋፋው የስዊዘርላንዱ የሥነ አእምሮ ሐኪም ካርል ዩንግ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1921። ከዚያ ወዲህ የተሠሩ ልኬቶች ግን ሰው በሁለት ጎራ እንደማይከፈል አሳይተዋል። ነገሩ እንደ ቁመት ነው፤ በጣም ረጅምና በጣም አጭር ጥቂት ነው፣ አብዛኛው መሃል ላይ ይገኛል። የዘመኑ ባለሙያዎች ጠባይን በአምስት ዋና ዋና መስመሮች ይለካሉ፤ ወደ ውጭ ማዘንበል ከአምስቱ አንዱ ሲሆን በአንድ የታወቀ መለኪያ እሱ ራሱ ስድስት ገጽታ አለው፦ ለሰው ሞቅ ማለት፣ ብዙ ሰው መሃል መሆንን መውደድ፣ ሐሳብን ደፍሮ መናገር፣ ቅልጥፍና፣ አዲስና ሞቅ ያለ ነገር መፈለግ፣ በቀላሉ መደሰት። አንድ ሰው በአንዱ ዝቅ ብሎ በሌላው ከፍ ሊል ይችላል። ሠርግ የሚያደክምህ፣ ከሾፌሮቹ ጋር ግን ለዓመታት በሰላም የሠራህ ሰው ስለሆንክ ብዙ ሰው መሃል መሆንን አትወድም እንጂ ለሰው ሞቅ ማለት ይጎድልሃል የሚያሰኝ ነገር አላየሁም።

መንትዮችን በማወዳደር የተሠሩ ጥናቶች እንደሚያሳዩት በሰዎች መካከል ከሚታየው የዚህ ጠባይ ልዩነት ግማሽ ያህሉ ከውርስ ጋር ይያያዛል። ይህ ስለ ብዙ ሰዎች የተነገረ ቁጥር ነው፤ የአንተ ዝምታ ግማሹ ከአባትህ፣ ግማሹ ከአስተዳደግህ መጣ ብለህ እንዳትተረጉመው። ወንድምና እህት በአማካይ የሚጋሩት በሰዎች መካከል ከሚለያየው ዘረመል (ጂን) ግማሹን ብቻ ነው። ስለዚህ ከአንድ ማጀት ወጥታችሁ አንዳችሁ ተጫዋች፣ አንዳችሁ ጭምት ብትሆኑ የሚደንቅ ነገር የለውም፤ ወላጆቻችሁም ያጠፉት ጥፋት የለም።

ዘመዶችህ «ወሎዬ ሆነህ» የሚሉህን ደግሞ ከልብህ አታስገባው። ወሎ በጨዋታው፣ በዜማውና በእንግዳ ተቀባይነቱ ስም አለው፤ አምባሰልና ባቲ የሚባሉት ቅኝቶችም የዚሁ አገር ስም ናቸው። የአገር ስም ግን ስለ እያንዳንዱ ልጅ አይመሰክርም። በአንድ ቀበሌ ውስጥ በሚኖሩ ሰዎች መካከል ያለው የጠባይ ልዩነት በአንድ አገርና በሌላው መካከል አለ ከሚባለው እጅግ ይሰፋል። ሲደጋገም ደግሞ ይህ አባባል ይጎዳል፤ ልጅየው ዝም ባለ ቁጥር ጉድለቱ እንደታየበት እንዲሰማው ያደርገዋልና።

እጅ ማላቡና ከስልክ በፊት መለማመዱ ግን ከጠባይ አይቆጠርም፤ ፍርሃት ነው። ዝምተኛ ሰው ጥቂት ወዳጅ ይበቃዋል፤ ዓይን አፋር ሰው ሰው ይፈልጋል፣ ግን ይፈራል። ሁለቱ ተለያይተው ሊገኙ ይችላሉ፤ ሳይፈራ ዝም የሚል አለ፣ እየተንቀጠቀጠ የሚጫወትም አለ። አንተ ዘንድ ሁለቱም ያሉ ይመስላል፤ መፍትሔያቸው የተለያየ ስለሆነ ለይተህ ያዛቸው።

ፍርሃቱን የሚያቆየው አሠራሩ ነው። ደንበኛ ሲገባ ትኩረትህ ከእሱ ላይ ተነሥቶ ወደ ራስህ ይዞራል፦ ድምፄ ተንቀጠቀጠ? ላቤ ታየ? ምን ልበል? ጆሮህ ወደ ውስጥ ስለዞረ ሰውዬው ካለው ግማሹ ያመልጥሃል፤ እንደገና ትጠይቀዋለህ፤ ፊቱ ትንሽ ይቀየራል፤ አንተም «ይኸው፣ አልሆነልኝም» ትላለህ። በዚህ ላይ ራስህን የምትከላከልባቸው ትንንሽ ዘዴዎች ይጨመራሉ፦ ስልክ መነካካት፣ ዕቃ የሚያስተካክሉ መምሰል፣ ቶሎ ቶሎ ተናግሮ መገላገል፣ ዓረፍተ ነገሩን በሆድ መደርደር። እነዚህ ለቅጽበት ያረጋጋሉ፤ ለደንበኛው ግን ንቀት ይመስላሉ፣ ለአንተም «የተረፍኩት በስልኬ ነው» የሚል የሐሰት ትምህርት ይሰጣሉ። መሸሽ ሲታከልበት ዑደቱ ይዘጋል፤ የሸሸኸው ነገር ያን ያህል አስፈሪ እንዳልነበር የምታውቅበት ዕድል አይኖርህም።

ስለታየህበት መጠን ያለህ ግምትም የተጋነነ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 በወጣ አንድ የአሜሪካ ጥናት ተማሪዎች የሚያሳፍር ምስል ያለበት ቲሸርት ለብሰው ሌሎች ወደተቀመጡበት ክፍል እንዲገቡ ተደረገ። በክፍሉ ካሉት ግማሽ ያህሉ እንዳስተዋሉት ገመቱ፤ ያስተዋለው ሩብ ያህሉ ብቻ ነበር። በ2018 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ገና የተዋወቁ ሰዎች ካወሩ በኋላ ሌላው ሰው ምን ያህል እንደወደዳቸው ሲጠየቁ ከእውነቱ ዝቅ አድርገው እንደሚገምቱ አሳይቷል። ደንበኛህ ወደ ሱቅ የገባው ስለ ግድግዳው፣ ስለ ገንዘቡና ዕቃውን ስለሚጭንለት መኪና እያሰበ ነው፤ የእጅህን ላብ የሚከታተልበት ጊዜ የለውም።

በሽታ ነው ወይ ላልከው፦ ፍርሃቱ ስድስት ወርና ከዚያ በላይ የዘለቀ፣ ሰው ባለበት ሁሉ ማለት ይቻላል የሚመጣ፣ ሥራህን ወይም ኑሮህን የሚያሰናክል ከሆነ የማኅበራዊ ጭንቀት ሕመም ሊባል ይችላል። በጻፍከው ብቻ ይህ ደርሶብሃል ለማለት አልደፍርም። ሰው ፊት መብላት እስኪያቅትህ ከደረሰ፣ ለፍርሃቱ ስትል ዕድገት ወይም ትምህርት ትተህ ከሆነ፣ ወይም ያለ ጫትና ያለ መጠጥ ሰው ፊት መቅረብ ካቃተህ ግን ደሴ ኮምፕሬሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል የሥነ አእምሮ ክፍል ሄደህ ታይ። የሕመሙ ዋና ሕክምና ሐሳብንና ድርጊትን በደረጃ የሚያስተካክል የንግግር ሕክምና ነው፤ ብዙ ጊዜ ከ12 እስከ 16 ክፍለ ጊዜ ይወስዳል። መድኃኒት ቢታዘዝ ውጤቱ ለመታየት ሳምንታት ይፈልጋል። ከመድኃኒት ቤት በራስህ ገዝተህ እንዳትሞክር። ለማረጋጊያ የሚሰጠው ዲያዜፓም ሱስ ያስይዛል፤ ለልብ ምት የሚሰጠው ፕሮፕራኖሎል ደግሞ አስም ላለበት ሰው አደገኛ ነው።

ጫቱን ተወው። ይህን የምልህ በሥነ ምግባር ሚዛን አይደለም፤ ለያዝከው ዓላማ ስለማይበጅ ነው። በትኩሱ ቅጠል ውስጥ ያለው ካቲኖን ከአምፌታሚን ጋር የሚመሳሰል አነቃቂ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ንግግር ይበዛል፣ መተማመን ይጨምራል፤ ምርቃናው ሲወርድ መደበት፣ እንቅልፍ ማጣትና ብስጭት ይከተላሉ። በማግስቱ ጠዋት በሁለት ሰዓት ሱቅ የሚገባው ደንበኛ የሚያገኘው ያንን ብስጭት ነው። ሌላም ጉዳት አለው። በጫት ኃይል ያወራኸውን ወሬ አእምሮህ ለቅጠሉ እንጂ ለአንተ አይቆጥረውም፤ ስለዚህ መቶ ጊዜ ብታወራ ያለ ጫት የምታወራበት ድፍረት አያድግም። ደግሞም ያበዛኸው መናገርን ነው፣ መስማትን አይደለም፤ ሱቅ ውስጥ የሚሸጠው ደግሞ መስማት ነው። የመጠጥም ነገር ከዚህ አይለይም።

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ፣ ሰውን ማስተናገድ ከምን ከምን እንደተሠራ። እዚህ ላይ አንተ ከምታስበው በላይ ስንቅ አለህ። ብዙዎች ይህን ችሎታ ከቀልድና ከወሬ ጋር ያምታቱታል። ቢፈታ ግን የሚገኙት ሊለመዱ የሚችሉ ሥራዎች ናቸው፦ ሰው ሲገባ ማስተዋል፣ እንደ ዕድሜውና እንደ ወጉ ሰላም ማለት፣ የሚፈልገውን ማውጣት፣ የተረዱትን መልሶ መናገር፣ ቃል የገቡትን መፈጸም፣ በሚቀጥለው ጊዜ ማስታወስ።

ሰላምታው እንዲህ ይሁን። ሰው ደፉን እንደረገጠ ቀና በል፤ የያዝከውን አስቀምጥ፤ ሌላ ደንበኛ እያስተናገድክ ከሆነ በራስህ ንቅንቅታና «መጣሁ» በማለት እንዳየኸው አሳውቀው። ሰው መጠበቅ አይከፋውም፤ አለመታየቱ ነው የሚከፋው። ለአዛውንት «እንደምን አደሩ አባቴ»፣ ለእናቶች «እንደምን ዋሉ እናቴ»፤ አለባበሱን አይተህ «አሰላሙ ዓለይኩም» የምትልለትም ይኖራል። ከታላላቆች ጋር ከ«እርስዎ» አትውረድ፤ እነሱ «አንተ» ስላሉህ የተፈቀደልህ እንዳይመስልህ። ኢንተርኔት ላይ የሚነገረውን «እጅ ጠበቅ አድርገህ ጨብጥ፣ ዓይን ዓይኑን እያየህ አውራ» የሚለውን ምክር እንዳለ አታምጣው። አዛውንትን ትኩር ብሎ ማየት እኛ ዘንድ ድፍረት ነው፤ ስትሰማ ፊቱን፣ ስታስብ ዕቃውን ተመልከት። ለሴት ደንበኛ ቀድመህ እጅ አትዘርጋ፤ እሷ ከዘረጋች ጨብጥ፣ ካልዘረጋች እጅህን ደረትህ ላይ አድርገህ ጎንበስ ማለት ይበቃል። «ልጆች ደህና፣ ቤተሰብ ደህና» የሚለውን ልውውጥ ደግሞ አትቁረጠው። ለዝምተኛ ሰው ይህ ባህል እርዳታ ነው፤ ቃላቱ የታወቁ ስለሆኑ ምንም ፈጠራ አይጠይቁህም፣ አንተም በዚያች ግማሽ ደቂቃ ትረጋጋለህ።

ቀጥሎ ጥያቄ ይመጣል፤ ትልቁ ሀብትህ ያለው እዚህ ነው። አራት ዓመት ስቶር ውስጥ የኖረ ሰው ዕቃውን ያውቃል። ቀለም ሊገዛ የመጣውን «ስንት ሊትር?» ብለህ አትጀምረው። ለውስጥ ነው ለውጭ? ግድግዳው ልስን ነው ወይስ ጭቃ? ከዚህ በፊት ቀለም ነክቶታል? እርጥበት የሚያወጣ ቦታ አለው? ስንት ካሬ ይሆናል? አንድ ሊትር ፕላስቲክ ቀለም በለሰለሰ ልስን ላይ በአንድ እጅ ከ8 እስከ 10 ካሬ ይሸፍናል፤ ሻካራ ከሆነ ይጠጣዋል። ይህን ከነገርከው በኋላ ዝም ብትል እንኳ ሰውዬው ቁምነገረኛ ሰው አግኝቷል። ቆርቆሮ ፈላጊውን የጌጅ ቁጥሩ ባነሰ ቁጥር ቆርቆሮው እንደሚወፍር ንገረው፤ ብዙ ሰው ገልብጦ ነው የሚያስበው፣ ሳይጠይቅም ተሳስቶ ይገዛል። ሰዎች ባደረጓቸው ንግግሮች ላይ የተሠሩ ጥናቶች የሚደግፉት አንድ ነገር አለ፦ የሚወደደው ጠያቂ ሌላው ከተናገረው ቃል ተነሥቶ ቀጣዩን የሚጠይቅ ነው። «ለልጄ ቤት ነው» ካለህ ቀጣዩ ጥያቄ ከአፉ ወጥቷል፤ «እንኳን ደስ ያለዎት፣ የት ነው የሚሠራው?»። አንተ የጨዋታ ርእስ መፍጠር የለብህም፤ እሱ የጣለውን ማንሣት ነው።

ጥያቄ ከሦስት ወይም ከአራት በላይ በተከታታይ ከሆነ ምርመራ ይመስላል። በመሃል የሰማኸውን መልሰህ በለው፦ «እንግዲህ ሁለት ክፍል፣ የውስጥ፣ እርጥበት የሌለው፤ ልክ ነኝ?» ስህተት ካለ ዕቃው ሳይጫን እዚያው ይታረማል። ዋጋ ከነገርከው በኋላ ደግሞ ዝም በል። ፍርሃት ያለበት ሻጭ ዝምታውን መቋቋም አቅቶት ሰውዬው ሳይጠይቅ ዋጋ ይቀንሳል፤ ይህ በገንዘብ የሚከፈል ስህተት ነው።

ስም ማስታወስ የተፈጥሮ ስጦታ ይመስላል እንጂ አብዛኛው ዘዴ ነው። ስሙን ጠይቅ፤ ወዲያው አንድ ጊዜ በስሙ ጥራው፤ ሲሄድ አንድ ጊዜ ድገመው። ከሰፈሩ ጋር አያይዘው፤ የቧንቧ ውሃው፣ የሰኞ ገበያው፣ ከሐይቅ የመጡት እያልክ። ማታ ሱቅ ከመዘጋቱ በፊት አምስት ደቂቃ ወስደህ የዕለቱን አምስት ስድስት ሰዎች ደብተር ላይ ጻፍ፦ ስም፣ ሰፈር፣ የገዛው፣ ያነሣው ጉዳይ። በወሩ ሲመለስ «የልጅዎ ቤት ጣሪያው ደረሰ?» ብለህ መጠየቅ አንድ ሰዓት ከመጫወት የበለጠ ይሠራል። ደብተሩ ላይ የሰው ምሥጢርና የቤተሰብ ገመና ግን እንዳትጽፍ፤ ከሰው ሰምተህ ያገኘኸውንም ለሌላ ደንበኛ አታውራ። ደሴና ኮምቦልቻ በቅሬ (በዕድር)፣ በጋብቻና በዝምድና የተሳሰሩ ናቸው፤ የወጣ ቃል ሳይውል ሳያድር ወደ ባለቤቱ ይመለሳል። ተጫዋች ሻጮች ብዙ ጊዜ የሚወድቁት በዚህ ነው፤ በጨዋታ ሙቀት ሳይችሉ «ነገ ይደርሳል» ብለው ቃል በመግባትም ይወድቃሉ።

አንድ ቁጥር ልጨምርልህ። እ.ኤ.አ. በ2013 በአሜሪካ በ340 የስልክ ሽያጭ ሠራተኞች ላይ በወጣ ጥናት ከፍተኛ ገቢ ያስገቡት በመሃል ያሉት ነበሩ፤ በጣም ተጫዋቾቹ ከዝምተኞቹ አልበለጡም። ጥናቱ የስልክ ሽያጭ ስለሆነና የሌላ አገር ስለሆነ ለፒያሳ ሱቅ እንዳለ አይገጥምም። «ሻጭ ለፍላፊ መሆን አለበት» የሚለውን እምነት ለመጠራጠር ግን ይበቃል።

ከዚሁ ከአገራችን ደግሞ አበጋሮችን ተመልከት። ወሎ ውስጥ ደም የተቃቡ ሰዎችን የሚያስታርቁ እነዚህ ሽማግሌዎች ሥራቸው የቆመው በመስማት ላይ ነው። አንዱን ወገን እስኪጨርስ ይሰማሉ፣ ሌላውን ያስከትላሉ፣ ቃላቸውን ይመጥናሉ። ሰው የሚያምናቸው በዚህ ነው። ሰውን የመያዝ ችሎታ ከአንደበት ብዛት ጋር እንደማይሄድ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። አንተም ዱቤ ስትከለክል፣ ዕቃ ተበላሸብኝ ብሎ የተቆጣ ሲመጣ፣ አሠራሩ ይኸው ነው፦ አታቋርጠው፤ ሲጨርስ የተናገረውን በአጭሩ መልስለት፤ ከዚያ የምትችለውንና የማትችለውን ለይተህ ንገረው። ቁጣ በመሃል ከተቋረጠ እንደገና ከመጀመሪያው ይነሣል።

ስለ ሠርግ፣ ስለ ለቅሶና ስለ ቡናም አንድ ሁለት ነገር። ቀርቶ ቤት መዋል እኛ ዘንድ ኩራት ይባላል፣ ስለዚህ አትቅር። ቀደም ብለህ ሂድ፤ ሰው ሳይበዛ መግባት ከሙሉ ድንኳን ፊት ከመግባት ይቀላል። ሥራ ያዝ፤ ወንበር ማመላለስ፣ እጅ ማስታጠብ፣ እንግዳ ማስቀመጥ። እጁ ሥራ የያዘ ሰው ለምን ዝም አልክ አይባልም። ለቅሶ ቤት ደግሞ ዝም ብሎ መቀመጥ ራሱ ወጉ ነው፤ እዚያ ዝምታህ ሙሉ ዋጋ አለው። ቡና ከተጠራህ በአቦልና በቶና መሃል አትነሣ፤ በረካውን ጠጥተህ፣ ተመርቀህ፣ በግልጽ ተሰናብተህ ውጣ። ሳይሰናበቱ ሹልክ ማለት ነው ቅር የሚያሰኘው።

ፍርሃቱን ለማሸነፍ የሚሠራው በደረጃ መጋፈጥ ነው። ሱቁ እስኪከፈት አትጠብቅ፤ በዚህ ሳምንት ጀምር። የሚያስፈሩህን ከስምንት እስከ አሥር የሚሆኑ ሁኔታዎች ጻፍ፤ ለእያንዳንዱ ከ0 እስከ 100 የፍርሃት ነጥብ ስጥ። ለምሳሌ የማታውቀውን ባለሱቅ ዋጋ ጠይቆ ሳይገዙ መውጣት 30፣ ሚኒባስ ውስጥ አጠገብህ ያለውን ሰው ማናገር 40፣ ለማያውቁት አቅራቢ ያለ ልምምድ ስልክ መደወል 60፣ ለተቆጣ ደንበኛ መልስ መስጠት 80። ከ30 ወይም ከ40 ጀምር። ከመግባትህ በፊት «ምን ይሆናል ብዬ ፈራሁ?» የሚለውን በአንድ መስመር ጻፍ፤ ከወጣህ በኋላ የሆነውን ከሥሩ ጻፍ። በሳምንት አራት አምስት ጊዜ ድገመው፤ ፍርሃቱ ወደ ግማሽ ሲወርድ ወደ ቀጣዩ እለፍ። ስትለማመድ ስልክህ ኪስህ ውስጥ ይሁን፣ ቃላት አትደርድር፣ ፍርሃቱ ጫፍ በደረሰበት ቅጽበት አትውጣ። ትኩረትህ ወደ ራስህ ሲዞር ከፊትህ ካለው ሰው ሦስት ነገር ፈልግ፦ ምን ይዟል? ምን አለ? ምን ይቸኩለዋል?

ብዙ ጊዜ የሚበላሸው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው ከ80 መጀመር ነው፤ ሰውዬው ተሰብሮ ይተወዋል። ሁለተኛው የተሳሳተ መለኪያ ነው፤ «ፈራሁ ወይስ አልፈራሁም?» ብሎ ራስን መመዘን። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ትፈራለህ። የሚመዘነው ያሰብከውን ማድረግህ ነው።

ገደቡንም እወቀው። ይህ ሁሉ ፍርሃቱን ይቀንሳል፣ ችሎታውን ያሳድጋል፤ እህትህን አያደርግህም። ዝምተኞች ለአጭር ጊዜ ሞቅ ብለው ሲጫወቱ ስሜታቸው እንደሚሻሻል ጥናቶች ያሳያሉ፤ በጣም ወደ ውስጥ ያዘነበሉት ግን ቀኑን ሙሉ፣ ለሳምንት ሲገደዱ ድካምና ራስን የማጣት ስሜት ይሰማቸዋል። ስለዚህ ዕረፍት የሥራው አካል ይሁን። በየሁለት ሰዓቱ አሥር ደቂቃ ከኋላ ገብተህ ዕቃ ቁጠር። ከኮምቦልቻ የምትመላለስ ከሆነ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነውን የሐረጎን መንገድ የዝምታ ጊዜህ አድርገው፤ ጠዋት ጠዋት ስልክ አታንሣበት። እቤት ስትገባ ግማሽ ሰዓት እንዲተዉህ ለቤተሰብ አስቀድመህ ንገር፤ ሳትነግር ብትዘጋ ኩርፊያ ይመስላቸዋል።

ለአጎትህ የምታቀርበው እንግዲህ ይህ ነው። የ12 ሳምንት ሙከራ ይሁን። በመጀመሪያዎቹ አራት ሳምንታት ከፊት የምትቆመው ግማሽ ቀን ብቻ ሆኖ የቀረውን በዕቃና በሒሳብ ታሳልፋለህ። ሰው በሚበዛበት ሰዓት ሌላ አንድ ሰው አብሮህ ይኑር፤ አንዱ የሚጋብዝ፣ አንዱ ዕቃውን የሚያውቅ ሲሆኑ ሱቅ ይደምቃል። የዱቤ ሕግ እሱ ወስኖ ይጻፍ፣ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ፤ አንተ በየቀኑ እየተከራከርክ እንዳትከለክል። መለኪያው ደግሞ ምን ያህል ሳቅክ አይሁን፤ ተመልሶ የመጣ ደንበኛ ቁጥርና በስህተት ተጭኖ የተመለሰ ዕቃ ይሁን።

በ12ኛው ሳምንት ደብተርህን ይዛችሁ ተቀመጡ። ፍርሃቱ ወርዶ ድካሙም የሚቻል ከሆነ ቀጥል። ፍርሃቱ ሳይወርድ እዚያው ካለ ሆስፒታል ሂድ፤ ሥራውን አትልቀቅ፣ ሕክምናው ሥራ ላይ እያሉ ቢሆን ይሻላል። ፍርሃቱ ለቆህ ግን በየቀኑ ተሟጠህ የምትገባ ከሆነ ቆጣሪው ፊት መቆም ለአንተ የተሠራ አይደለም፤ ያኔ የዕቃ ግዢውንና ኮንትራክተሮችን አንድ በአንድ የመከታተሉን ሥራ ጠይቅ፤ ጥቂት ሰዎችን ለረጅም ጊዜ መያዝ ያንተ ዓይነት ሰው የሚበረታበት ነው። ይህን ሦስተኛውን አማራጭ ሱቁ ሳይከፈት ዛሬውኑ ለአጎትህ አንሣለት፤ በኋላ ስታነሣው ሽሽት ይመስለዋል።